ፀረ-ተባይ የጠጣ በሽተኛ ሲገባባችሁ፦ ከድንገተኛ ክፍል በር እስከ አምስተኛው ቀን

ይህ ጽሑፍ ለተረኛ ነው። ለኢንተርኑ፣ ለጠቅላላ ሐኪሙ፣ ለጤና መኮንኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍሉን ይዛ ለምታድረው ነርስ። በተለይ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) በሌለበት፣ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ያለው ሆስፒታል የሰዓታት መንገድ በሚርቅበት ቦታ ለምትሠሩ።

በአገራችን ድንገተኛ ክፍሎች በመርዝ ከሚመጡት በሽተኞች መካከል ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው የፀረ-ተባይ ዓይነት የጎዳቸው ብዙ ናቸው። ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ዳይሜቶኤት የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ከገበያ ተቀድቶ በሃይላንድ ይመጣል፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ትኋን ያስቸገራት እናት ፍራሽ ላይ ትረጨዋለች። ለቅማል ብሎ ልጅ ራስ ላይ የሚቀባም አለ። ሆን ብሎ የሚጠጣም አለ።

መርዙ የሚያጠቃው አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሲታሰር አሴቲልኮሊን ይጠራቀማል፤ ያኔ ሰውነት በየአቅጣጫው ያፈሳል፦ ምራቅ፣ እንባ፣ ላብ፣ ሽንት፣ ተቅማጥ። ብሌን የመርፌ ጫፍ ታህል ትጠባለች። የልብ ምት ይወርዳል። ጡንቻ ይርገበገባል፣ ቆይቶ ይዝላል። ቶሎ የሚገድለው ግን ሳንባ ውስጥ የሚሞላው ፈሳሽ ነው። በሽተኛው ደረቅ መሬት ላይ ይሰምጣል።

ስለዚህ እነዚህን ሰዎች የሚያድናቸው ስቴቶስኮፕ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። የዚህ መርዝ ዋና ማርከሻ የሆነው አትሮፒን ስንት እንደሚበቃ፣ መቼ እንደሚደገም፣ መቼ እንደሚቀነስ የሚነግራችሁ ደረት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ተራ ስትረከቡ፣ በሽተኛው ሳይመጣ

የአትሮፒኑን ካርቶን ከፍታችሁ ቁጠሩ። «አለ» የሚል ርክክብ አይበቃም፤ ስንት አለ? ብዙ ጊዜ እጃችን የሚገባው አምፑል 1 ሚ.ግ. በ1 ሚ.ሊ. ነው። ሌላ መጠን ያለውም ስለሚገኝ ጽሑፉን አንብቡ። አንድ የከፋ በሽተኛ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 30 አምፑል ሊጨርስ ይችላል። አምስት አምፑል ይዞ የሚያድር ክፍል አትሮፒን እንደሌለው ቁጠሩት። የቀረው የት እንዳለ ከአሁኑ ጠይቁ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል አኔስቴዥያው ጋ መኖሩ አይቀርም። ሌሊት የፋርማሲውን ቁልፍ ማን እንደያዘና ስልኩ ስንት እንደሆነ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ሰክሽን ማሽኑን፣ ምራቅና ፈሳሽ የሚስበውን፣ አብሩት። ቆሞ የሚታይ ማሽን ሁሉ የሚሠራ ይመስላል። ጣታችሁን ቱቦው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ መሳቡን እዩ። አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው) ከነማስኩ፣ የአዋቂም የሕፃንም፣ አልጋው ራስጌ ላይ ይሁን።

በሩ ላይ፦ መጀመሪያ ራሳችሁን

ይህን መርዝ ቆዳም ይጠጣዋል። በሽተኛውን ተሸክሞ ያመጣው ወንድሙ፣ ልብሱን የምታወልቀው ነርስ፣ ትውከቱን የምትጠርገው ጽዳት ሠራተኛ ሁሉም ይነካካሉ። ሠራተኛ በጠና ሲመረዝ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ግን የተለመደ ነው፣ ብዙው የሚመጣውም መርዙ ከተበጠበጠበት ኬሚካል ሽታ ነው። መስኮትና በር ክፈቱ። አየር የማያገኝ ጥግ ውስጥ አታስተኙት።

ጓንት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተለመደው ላቴክስ ጓንት ይህን መርዝ በደንብ አይከላከልም። ናይትራይል ካለ እሱን አድርጉ። ከሌለ ሁለት ጓንት ደርባችሁ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የፕላስቲክ ሽርጥና መነጽርም ጨምሩ። ከዚህ በላይ የጠፈርተኛ ልብስ አያስፈልግም፤ እሱን ፍለጋ ሕክምናው መዘግየት የለበትም።

ልብሱን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፤ ካስፈለገ በመቀስ ቅደዱ። ሁለት ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩና ከክፍሉ አውጡ። ቀበቶ፣ የቆዳ ጫማ፣ የቆዳ የሰዓት ማሰሪያ መርዙን ይመጥጣሉ፤ ታጥበው አይጠሩም፣ ይወገዱ። ለቤተሰብ «ውሰዱና እጠቡት» ብሎ ልብስ መስጠት የተለመደ ነው። እናቱ ማታ በባዶ እጇ ስታሸው ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከዚያ በሳሙናና በውሃ እጠቡት። የልብስ ሳሙናም ላርጎም ይሠራል። ፀጉር፣ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ እምብርት፣ የጥፍር ሥር አይረሱ። በረኪና ቆዳ ላይ አታድርጉ። ሲያልቅ አድርቃችሁ ብርድ ልብስ አልብሱት።

አሁን ትልቁ ማሳሰቢያ፦ መተንፈስ ያቃተውን ሰው ወደ ሻወር አትውሰዱ። አንዱ ልብሱን ሲያወልቅ ሌላው አትሮፒኑን ይስጥ። መታጠቡ አልጋው ላይ በእርጥብ ፎጣ ሊጀመር ይችላል። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ሳሙናው ይደርሳል።

የጠጣው ምንድን ነው?

ቤተሰቡን ሳትቆጡ ጠይቁ። «ጋሼ፣ ጠርሙሱን ያየው ማነው? ቤት የቀረ ሰው አለ?» ብዙ ጊዜ ቤት የቀረ ሰው አለ። ጠርሙሱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክ አድርጉ፤ ይህ ሰው ልኮ ከማስመጣት ይፈጥናል። ጠርሙሱ ከመጣም በፌስታል ተጠቅልሎ ውጭ ይቀመጥ። ምን ያህል ሰዓት እንዳለፈ፣ ቤት ውስጥ ምን እንዳጠጡት፣ አስመልሶት እንደሆነም ጻፉ። ወተትና ሎሚ ማጠጣት ልማድ ነው። አይጠቅምም፤ ራሱን እየሳተ ባለ ሰው ላይ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ግን የደነገጠች እናት ላይ መጮህ መረጃውን ከማስደበቅ በቀር የሚሠራው የለም።

ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። አንደኛው ለጎተራ እህል የሚደረገው ክኒን ነው፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ። ቤተሰብ «የነቀዝ መድኃኒት» ብሎ ክኒኑንም ኦርጋኖፎስፌቱንም በአንድ ስም ይጠራል። ዱቄት ነው፣ ፈሳሽ ነው ወይስ ክኒን ብላችሁ ጠይቁ። የክኒኑ በሽተኛ ምራቅ አያዝረበርብም፣ ብሌኑም አይጠብም። ግፊቱ ይወርዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያቃጥለዋል። አትሮፒን ለዚህ አይሠራም። ሆዱን በውሃ ማጠብም ጋዙን ያበዛዋል። መስኮት ክፈቱ፣ ትውከቱን ዝጉና አውጡ፣ ግፊቱን ደግፉ፣ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ቶሎ ደውሉ። ሁለተኛው በረኪና ነው። በረኪና የጠጣን ሰው አታስመልሱ፣ ሆዱን አትጠቡ፣ መርዝ እንዲመጥ ለሕክምና የተዘጋጀውን ከሰልም አትስጡ።

ጠርሙስ ባይገኝም ምልክቱ ይናገራል። የጠበበ ብሌን፣ ላብ፣ ምራቅ፣ የሚርገበገብ ጡንቻ፣ የሚያጓራ ደረት አንድ ላይ ከታዩ የላብራቶሪ ውጤት አትጠብቁ። ከተጠራጠራችሁ 1 ሚ.ግ. አትሮፒን ስጡና እዩ። ጤነኛ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል። የተመረዘው ምንም አይሆንም። የደም ስኳር ግን ለሁሉም ይለካ።

አትሮፒን፦ እጥፍ እያደረጋችሁ

በግራ ጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጉ፣ ሰክሽን አድርጉ፣ ኦክስጅን ስጡ፣ ሁለት አይቪ ላይን ክፈቱ። ኦክስጅን ከሌለስ? አትሮፒኑ ይሰጥ። ኦክስጅን ሳይስተካከል አትሮፒን ልብን ያቆማል የሚለው የድሮ ፍርሃት በቂ ማስረጃ የለውም። ሲሊንደር እስኪመጣ መጠበቅ ነው የሚገድለው።

ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ነገር እዩና ካርዱ ላይ ጻፉ፦ ደረት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ብብት፣ ብሌን። እነዚህን ሳይጽፉ የጀመረ ሰው የት እንደደረሰ አያውቅም።

ለአዋቂ 2 ሚ.ግ. በደም ሥር ስጡ። ለሕፃን በኪሎ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚ.ግ. ነው። ሰዓታችሁን እዩ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ደረቱን አዳምጡ። ካልተሻለው 4 ስጡ። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ 8። ከዚያ 16። ይህ ሁሉ ተደምሮ 30 ሚ.ግ. ነው፣ ያለፈው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። በየአምስት ደቂቃው ያንኑ 2 ሚ.ግ. ብትደጋግሙ ግን እዚያው 30 ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባችኋል። ባንግላዲሽ ውስጥ ሁለቱን አሰጣጦች አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት አለ። በድሮው አሰጣጥ ከታከሙት 22.5 በመቶ ሞቱ። እጥፍ እየተደረገ ተሰጥቷቸው ከዚያ በድሪፕ (ጠብታ በጠብታ) ከቀጠሉት የሞቱት 8 በመቶ ናቸው። መድኃኒቱ ያው አትሮፒን ነው። የተለየው አሰጣጡ ነው።

መሻሻል ከታየ ማጠፉን ማቆም ትችላላችሁ፤ ያንኑ መጠን ወይም አነስ ያለ ደግማችሁ ግቡ ላይ ድረሱ።

ግቡ ይህ ነው። ደረቱ ሁለቱም በኩል ጠርቷል፣ ፉጨትም የለውም። የልብ ምት ከ80 በላይ ነው። የላይኛው ግፊት ከ80 በላይ ነው። ብብቱ ደርቋል። ብሌኑ የመርፌ ጫፍ መሆኑ ቀርቷል። ከሁሉም የሚበልጠው ደረቱ ነው። ብሌን ዘግይታ ስለምትሰፋ እሷን ብቻ እየተከተሉ አትሮፒን መጨመር አደጋ አለው።

እዚህ ላይ ተረኛ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው፦ ልቡ 130 እየመታ ነው፣ ስለዚህ አትሮፒን አይሰጥም ማለት። ምቱ የፈጠነው ኦክስጅን አጥሮት፣ ውሃ ጎድሎት ወይም መርዙ ራሱ አፍጥኖት ሊሆን ይችላል። ደረቱ እስካጓራ ድረስ አትሮፒን ያስፈልገዋል። ብዙዎች አትሮፒን ካገኙ በኋላ ምታቸው ሲወርድ ታያላችሁ። ሁለተኛው፦ ደረት ሲያጓራ «ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» ብሎ ሽንት የሚያበዛውን ላዚክስ መስጠት። ይህ ከልብ ድካም የመጣ ውሃ አይደለም። ላዚክስ ያለውን ጥቂት ፈሳሽ አውጥቶ ግፊቱን ይጥለዋል። ለፉጨቱ የአስም መድኃኒቱን አሚኖፊሊን መስጠትም እንዲሁ ስህተት ነው። ሦስተኛው ትንሽ ረቀቅ ይላል። ከብዙ አትሮፒን በኋላ ሁሉም ደርቆ፣ በቀኝ በኩል ታችኛው ደረት ላይ ብቻ ድምፅ ከቀረ፣ ትውከት ወደ ሳንባ ገብቶ ይሆናል። ያንን አትሮፒን አያደርቀውም። ሌላው ቦታ ጠርቶ እሱ ብቻ ከቀረ አትሮፒን መጨመሩን አቁሙ፣ ወደ አንቲባዮቲኩ አስቡ።

አንድ ተጨማሪ ተግባራዊ ነገር። አምፑል የሚሰብረው አንድ ሰው፣ የሚሰጠው ሌላ ሰው ይሁን። ለብቻ ሆኖ 16 አምፑል መስበር አምስት ደቂቃን ይበላል፣ ጣትንም ይቆርጣል። እጥፉን አስቀድማችሁ ቅዱ፤ 4ቱ ሲሰጥ 8ቱ በሲሪንጅ ተዘጋጅቶ፣ ላዩ ላይ በፕላስተር «አትሮፒን 8 ሚ.ግ.» ተብሎ ይጠብቅ።

ድሪፑ

ደረቱ ሲጠራ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። መርዙ ገና ሰውነቱ ውስጥ ነው፣ አትሮፒኑ ግን ያልቃል። ለማድረቅ ከወሰደው ጠቅላላ መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን በየሰዓቱ ስጡት። ከላይ በነበረው ምሳሌ 30 ስለወሰደ በሰዓት ከ3 እስከ 6 ሚ.ግ. ይደርሰዋል ማለት ነው።

ፓምፕ ከሌለ እንዲህ አድርጉ። 500 ሚ.ሊ. ኖርማል ሳላይን ያዙ፤ 24 ሚ.ሊ. አውጥታችሁ ጣሉ። በምትኩ 24 አምፑል፣ ማለትም 24 ሚ.ግ. ጨምሩበት። ይህ በሰዓት 4 ሚ.ግ. ቢሰጥ ስድስት ሰዓት ያቆያል። በሰዓት 83 ሚ.ሊ. ገደማ ነው። የድሪፑ ሴት (ቱቦው) 20 ጠብታ በሚ.ሊ. ከሆነ በደቂቃ 28 ጠብታ ይወጣል። የሴቱን ማሸጊያ አንብቡ፤ የሕፃናቱ 60 ጠብታ ነውና ሒሳቡ ይለያያል። ጠብታውን በሰዓት እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ።

ድሪፑ ለብቻው በአንድ ላይን ይሂድ። ጠርሙሱ ላይ ሰፊ ፕላስተር ለጥፉና በአማርኛ ጻፉ፦ «አትሮፒን 24 ሚ.ግ.፣ በደቂቃ 28፣ አትንኩ»፤ የጀመረበትን ሰዓትም ጨምሩ። በአማርኛ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጎማውን የሚነካው አስታማሚ ነው። «ግሉኮሱ ቆመ» ብሎ መቆጣጠሪያውን ይከፍተዋል፤ የስድስት ሰዓት መድኃኒት በሃያ ደቂቃ ይገባል። እናቱን በፊቷ ቆማችሁ ንገሯት፦ «እትዬ፣ ይቺ ከግሉኮስ ሌላ መድኃኒት ናት። ብትቆምም ብትፈጥንም እኔን ይጥሩኝ እንጂ እንዳይነኳት።» ያኔ ጠባቂያችሁ ትሆናለች።

በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው፣ ከዚያ በየሰዓቱ እዩት። ደረቱ እንደገና ካጓራ ወይም ላብ ከጀመረው ደግማችሁ ቦለስ (በአንድ ጊዜ የሚገባ መጠን) ስጡ፣ ድሪፑንም በ20 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጉ። ያለፈ ከመሰላችሁ በኋላ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ክሎርፓይሪፎስን የመሰለ ስብ ውስጥ የሚቀመጥ መርዝ ቀስ ብሎ እየወጣ ለቀናት ያስቸግራል።

ተቃራኒውም አለ። አትሮፒን ሲበዛ ሰውዬው ይቃዣል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ አንጀቱ ዝም ይላል፣ ሽንቱ ይታገዳል። አየር ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል። እነዚህ አንድ ላይ ከመጡ ድሪፑን ለግማሽ ሰዓት ያህል አቁሙ፤ ሲረጋጋ በ20 በመቶ ቀንሳችሁ ጀምሩ። ስለዚህ ከደረቱ ቀጥሎ ሆዱንም አዳምጡ። ሲንፈራገጥ ደግሞ ዘልላችሁ ማስታገሻውን ዳያዜፓም አትስጡ፣ አልጋው ላይም አትሰሩት። መጀመሪያ ሳቹሬሽን (የደም ኦክስጅን መጠን)፣ ደረት፣ የደም ስኳር፣ ፊኛ እዩ። ኦክስጅን ያጠረው ሰው የሚንፈራገጠው ስለታፈነ ነው፤ ያንን ሰው ማስተኛት ማለት ትንፋሹን መዝጋት ነው።

የቀሩት መድኃኒቶች

ካንቀጠቀጠው ዳያዜፓም 10 ሚ.ግ. ቀስ ብሎ በደም ሥር። ፌኒቶይን እዚህ ብዙ አይረዳም።

የታሰረውን ኢንዛይም ለማስለቀቅ የሚሰጠው ፕራሊዶክሲም ካላችሁ 30 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ለአዋቂ ብዙ ጊዜ 2 ግራም፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ከዚያ በኪሎ 8 ሚ.ግ. በየሰዓቱ። በፍጥነት መስጠት ልብ ሊያቆም ይችላል። አትሮፒን ሳይቀድም አይጀመርም። ጥቅሙ ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም። ስለዚህ ፕራሊዶክሲም የለም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቤተሰብንም ከፋርማሲ ፋርማሲ አታንከራቱ። ያ ገንዘብ አትሮፒን ቢገዛበት ይሻላል።

ሆድ ማጠብ። እዚህ ላይ ከልማዳችን ጋር እጣላለሁ። ብዙ ቦታ በሽተኛው ገና ከበሩ ሲገባ በአፍንጫ ወደ ሆድ የሚገባውን ኤንጂ ቲዩብ ይዘን እንሮጣለን። ቤተሰቡም «አጠቡት?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ነገር ግን ከጠጣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ካለፈው ማጠቡ የሚያወጣው እምብዛም ነው። ራሱን የሳተ ሰው ላይ ያለ ኢንቱቤሽን (የአየር ቧንቧው ውስጥ ቱቦ ሳይገባ) ማጠብ ደግሞ መርዙን ወደ ሳንባ መላክ ነው። እጁን አስሮ በግድ ማጠብም ያው ነው። አትሮፒን ሳይጀመር ማንም ሆዱን አይንካ። ቶሎ ከደረሰና ንቁ ከሆነ አንድ ጊዜ 50 ግራም ከሰል መስጠት ይቻላል። ስሪ ላንካ ውስጥ ከ4,600 በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ግን በከሰል ምክንያት ሞት ሲቀንስ አላየም። ከሰል የለም ብላችሁ አትጨነቁ።

ኢንቱቤት ማድረግ ካስፈለገ ለማደንዘዝ ኬታሚን ጥሩ ነው። ጡንቻ የሚያዝለው ሳክሲኒልኮሊን ግን ከመድረክ ይውረድ። እሱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በመርዙ ስለታሰረ፣ የደቂቃዎች ሽባነት ለሰዓታት ይዘልቃል። ሮኩሮኒየም ወይም ቬኩሮኒየም ካለ እሱን ያዙ። ሌላ ከሌለ፣ ለሰዓታት በአምቡ ባግ የሚያስተነፍስ ሰው መኖሩን አረጋግጣችሁ ግቡበት።

ትራስ ላይ ያለው ጭንቅላት

ከሁለተኛው ቀን በኋላ የሚመጣው አደጋ ጸጥ ያለ ነው። በሽተኛው ተሽሎታል። ያወራል፣ ሻይ ጠይቋል። ደረቱ ንጹሕ ነው። ቤተሰቡ መውጫ ይጠይቃል፤ እናንተም አልጋ ትፈልጋላችሁ። ከመርዙ በኋላ ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን የአንገት፣ የትከሻና የትንፋሽ ጡንቻ የሚዝልበት ሁኔታ አለ። አትሮፒን ለዚህ አይሠራም፤ የሚያድነው ትንፋሽ መደገፍ ብቻ ነው።

ምርመራው ማሽን አይጠይቅም። በጀርባው አስተኙትና «ጭንቅላትህን ከትራሱ ቀና አድርግ» በሉት። ግንባሩ ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ ትንሽ ግፉት። ጤነኛ አንገት ይገፋችኋል። የዛለው አንገት ቀና ለማለት ይሞክርና አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም በክንዱ ሊታገዝ ይሞክራል። ከዚያ አንድ ጊዜ አየር ስቦ ሳያቋርጥ እስከ ሃያ እንዲቆጥር አድርጉት። ትናንት ሃያ የደረሰ ሰው ዛሬ ስምንት ላይ ቢያርፍ፣ ሳቹሬሽኑ 95 ቢሆንም እንኳ ወደ ቬንቲሌተር መንገድ መጀመር አለበት። ሳቹሬሽን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱን ምርመራ በየስድስት ሰዓቱ አድርጉና ቁጥሩን ጻፉ። ተራ ስትለዋወጡ በቃል ሳይሆን አልጋው አጠገብ ቆማችሁ ሁለታችሁም አድርጉት፤ ድሪፑንም አብራችሁ ቁጠሩት።

ሪፈር ስትሉ

በአምቡላንስ ሲሄድ አብሮት ነርስ ይሂድ። በእጇ የተቀዳና የተለጠፈበት አትሮፒን፣ ተጨማሪ አምፑሎች፣ አምቡ ባግ፣ ሰክሽን፣ የሚበቃ ኦክስጅን ይኑር። የሲሊንደሩን ጌጅ ከመንገዱ ርዝመት ጋር አስተያዩት። ደረቱ ሳይጠራ አትላኩት፤ መንገድ ላይ የሚሞቱት ብዙ ጊዜ «እዚያ ይሰጡታል» ተብለው የወጡ ናቸው። ቀድማችሁ ደውሉ፤ የተሰጠውን ጠቅላላ አትሮፒን በሚ.ግ. እና በሰዓት ጻፉ። «አትሮፒን ተሰጥቶታል» የሚል ሪፈር ወረቀት ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም።

ሆን ብሎ የጠጣ ከሆነ

አልጋው ላይ መስደብ፣ መምከር፣ «ለምን?» እያሉ በቤተሰብ ፊት ማፋጠጥ ይቅር። ስሙን ጠሩት፣ የምታደርጉትን ንገሩት። ሲነቃ አጠገቡ ሰው ይኑር፣ ብቻውን ሽንት ቤት አይሂድ፣ መድኃኒት፣ ምላጭና ገመድ ከአጠገቡ ይራቅ። ቤተሰቡን አስወጥታችሁ ለብቻው «አሁንም ሞትን ታስባለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይቀላቸዋል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሳያየው አይውጣ። ባለሙያው የሌላ ከተማ ከሆነ ቀጠሮው በእጁ ተጽፎ ይሂድ።

ሲወጣ

አትሮፒን ከቆመ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያለ ምልክት ይቆይ፤ በጠና ታሞ የነበረ ከሆነ ወይም መርዙ ስብ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ከሆነ ከዚያም ይርዘም። ገና ሲገባ ቀላል የነበረውንም ቢሆን 24 ሰዓት ሳይሞላ አታሰናብቱ።

ለቤተሰቡ የምትነግሩት ይህን ነው። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እግሩን ውርር ካደረገው ወይም መራመድ ካቃተው ይመለስ። የቀረው መርዝ በሃይላንድ ከሆነ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። ሣጥን ውስጥ ቆልፉት ማለት በቂ አይመስለኝም፤ ስሪ ላንካ ውስጥ ገጠር ለሚኖሩ ቤተሰቦች የሚቆለፍ ሣጥን አድለው በትልቅ ጥናት ቢያዩት የመመረዝ ቁጥር አልቀነሰም። ለእርሻ የግድ ከሆነ ማሳው በሚረጭበት ቀን የሚበቃው ያህል ብቻ ይገዛ፣ ከነመለያው ይያዝ፣ ወደ ሌላ ዕቃ አይገልበጥ። ለቅማልና ለትኋን የሚሆን ሌላ መድኃኒት ስለመኖሩ ፋርማሲ ይጠየቅ። ታጥቦ ያልጠራው ቀበቶና ጫማም እንዳይመለስለት፣ ከመውጣቱ በፊት ፌስታሉ የት እንዳለ አረጋግጡ።